ቱርቦውን ማን ገደለው?

እ.ኤ.አ. ሜይ 30 ቀን 1952 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የ500 ማይል የመኪና ውድድር ሲጀመር፣ አንደኛውን መነሻ ቦታ ይዛ የቆመችው መኪና በናፍጣ የምትሄድ ነበረች። ናፍጣ በዚያ ዘመን የትራክተር፣ የመርከብና የጭነት መኪና ነዳጅ እንጂ የእሽቅድምድም አልነበረም። ከሚንስ የተባለው የሞተር ፋብሪካ ግን ባለ 6.6 ሊትር ሞተሩን በጎኑ አጋድሞ ቱርቦ ገጠመለት። ሹፌሩ ፍሬድ አጋባሺያንም በማጣሪያው በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት ነድቶ ያን ቦታ ያዘ። ዋናው ውድድር 200 ዙር ነው። መኪናዋ 71ኛው ዙር ላይ ጉልበቷን አጥታ ወጣች።

ምክንያቱ ሲፈለግ ጥፋተኛው ቱርቦው ሆኖ አልተገኘም። የአየር መሳቢያው ከመኪናዋ አፍንጫ ዝቅ ብሎ፣ ለመሬት ቀርቦ ተሠርቶ ነበር። ከጎማዎች እየተፋቀ የሚበተነው ላስቲክና የመንገዱ ቆሻሻ ገብቶ ደፈነው።

ይህ ታሪክ ከሰባ ዓመት በላይ ቢሆነውም የዛሬ የቶዮታ ፕራዶ ባለቤት ሊያውቀው የሚገባ ነው። ቱርቦ ዕድሜውን ጨርሶ በራሱ የሚሞትበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ሌላ ነገር ነው፤ የቆሸሸ ዘይት፣ የተዘጋ ቱቦ፣ አቧራ፣ ወይም ሳይበርድ የጠፋ ሞተር። ጋራዥ ውስጥ ግን «ቱርቦው ወጥቷል» የሚለው ፍርድ ምርመራው ሳይጀመር ይሰጣል። ባለቤቱም ብዙ ገንዘብ ከፍሎ አዲስ ያስገጥማል፣ ገዳዩ እዚያው ሞተሩ ውስጥ እንዳለ ይቀራል፣ ሁለተኛው ቱርቦም ብዙ ሳይቆይ የመጀመሪያውን ይከተላል።

የቱርቦ ሐሳብ የተወለደው ከብክነት ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ የቪንተርቱር ከተማ ልጅ ነበር፤ አባቱም በዚያው ከተማ ባለው የዙልዘር ፋብሪካ ኃላፊ ነበሩ። ወጣቱን መሐንዲስ ያስጨነቀው ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ትልቅ ድርሻ ያለው ጉልበት ትኩስ ጭስ ሆኖ በከንቱ መውጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ ሁለት ፋን ይታሰራል። የሚወጣው ጭስ አንደኛውን ያሽከረክራል፣ ሁለተኛው ከውጭ አየር ስቦ እያመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ያው ሞተር ሳይተልቅ ጉልበቱ ይጨምራል።

ሲሠራ ግን ቀላል አልሆነም። ያን ሙቀት የሚችል ብረት በጊዜው ስላልነበረ ቡኺ ሃያ ዓመት ያህል ለፋ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ፕሮይሰንና ሃንዘሽታት ዳንዚግ በተባሉ ሁለት የጀርመን የመንገደኛ መርከቦች ላይ ሲገጠም፣ የያንዳንዱ ሞተር ጉልበት ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ። ቱርቦ እንግዲህ መጀመሪያ ያደገው በባሕር ላይ ነው። ሰፊ የሞተር ክፍል፣ ሌት ተቀን አጠገቡ የሚቆም ባለሙያ፣ እየተጣራ የሚመለስ ዘይት ነበረው። ይህን ሁሉ ትቶ ወደ ቤተሰብ መኪና ኮፈን ሥር ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ያኔ ያሰበ አልነበረም።

ሁለተኛው የትውልድ ቦታው ተራራ ነው፤ ለኢትዮጵያ አንባቢም ይኼኛው ይቀርባል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ሞተሮች ከፍ ባሉ ቁጥር አየር እያጠራቸው ይደክሙ ነበር። ፈረንሳዊው ኦጉስት ራቶ መላውን በቱርቦ ፈለገ፤ በአሜሪካ ደግሞ የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ ሥራውን ያዘ። ሞስ እ.ኤ.አ. በ1918 አንድ ሊበርቲ የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ፣ ኮሎራዶ ውስጥ 4,300 ሜትር ከፍታ ያለውን የፓይክስ ፒክን ተራራ ወጣ። በዝቅተኛው ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ጫፍ ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሻለቃ ሩዶልፍ ሽሮደር ቱርቦ በተገጠመለት አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ወጣ። በዚያ ከፍታ ኦክስጅኑ ተቋርጦበት፣ ዓይኑ በብርድ ደርቆ፣ ራሱን ስቶ አውሮፕላኑ ብዙ ሺህ ሜትር ቁልቁል ተወረወረ። ወደ መሬት ሲቀርብ ነቅቶ በሕይወት አረፈ። ሰውየው አየር ሲያጥረው ሞተሩ አላጠረውም ነበር።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አሰብ የኢትዮጵያ ዋና ወደብ በነበረበት ዘመን ከዚያ የሚነሳ የጭነት መኪና ከባሕር ጠለል ተነስቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር፤ በዚያ ከፍታ ሞተሩ የሚያገኘው አየር በወደቡ ካገኘው ሰባ በመቶ ያህል ነው። ትውልድ የሚያስታውሰው የጭነት መኪና፣ ፊያት ኤንትሬ፣ 10.7 ሊትር ሞተር ነበረው፤ ቱርቦ ግን አልነበረውም። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ እንደ ሰው እርምጃ የሚሄደው ለዚህ ነው። ናፍጣው እኩል ይረጫል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን የለም። በምትኩ ሌላ ጸጋ ነበረው። ዘይቱ ቢዘገይበት፣ ፊልትሮው ቢቆሽሽበት፣ ሹፌሩ ዳገቱን እንደጨረሰ ቁልፉን ቢያጠፋው ብዙም አይቀየምም።

ቱርቦ ያለው ሞተር ይቀየማል። ምክንያቱን ለመረዳት ዘንጉን ብቻ ማየት ይበቃል። የአንድ ቤተሰብ መኪና ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ትናንሾቹ 200,000 ያልፋሉ። በአንድ ጫፉ የናፍጣ ከሆነ 800 ዲግሪ ሊደርስ የሚችል ጭስ ይመታዋል፤ ቤንዚን ከሆነ ከዚያም ይብሳል። በሌላው ጫፍ የውጭ አየር አለ። በመሃል ዘንጉን ይዞ የሚያቆየው ብረት አይደለም፤ ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ንጣፍ ነው። ዘንጉ በዘይት ላይ ይንሳፈፋል ማለት ይቻላል። ያ ዘይት ለጥቂት ሰከንድ ቢቋረጥ ብረት ከብረት ይገናኛል፣ ዘንጉ ይንገዋለላል፣ ፋኑ ቤቱን ይፍቃል።

ቱርቦን ለተራ ገዢ ያቀረቡት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ የወጡት ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሸቭሮሌት ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር ናቸው። የጄትፋየር ነገር ሊነገር ይገባዋል። መሐንዲሶቹ 3.5 ሊትር ሞተሩ ነዳጁን ያለጊዜው እያነደደ እንዳይመታ፣ ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከነዳጁ ጋር እንዲረጭ አደረጉ። ፈሳሹ ሲያልቅ ባለቤቱ መሙላት አለበት። ብዙዎቹ አልሞሉም። ፈሳሹ ሲያልቅ መኪናው ራሱን ለመጠበቅ የቱርቦውን ግፊት ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ደግሞ «ጉልበት የለውም» ብሎ ያማርራል። መኪናው በሁለት ዓመት ውስጥ ከ10,000 በታች ተሠርቶ ቀረ፤ በኋላም ፋብሪካው ቱርቦውን እያነሳ በተራ ካርቡሬተር ይተካ ጀመር። እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን ነው? የባለቤቶቹ ብቻ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ቤንዚን ከመሙላት በቀር ሌላ ልማድ ለሌለው ሰው የአውሮፕላን ዓይነት ጥንቃቄ የሚጠይቅ ማሽን ተሸጦለታል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ቱርቦ ሌላ ዕድል አገኘ። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1978 ለአሜሪካ ገበያ 300 ኤስዲን አወጣ፤ በፋብሪካ ደረጃ የተሠራ የመጀመሪያው ባለ ቱርቦ ናፍጣ አውቶሞቢል ነው። ያ ባለ አምስት ሲሊንደር ሞተር በረጅም ዕድሜው እስከ ዛሬ ይነሳል። መሐንዲሶቹ ቱርቦውን በነበረው ሞተር ላይ ለጥፈው አልተዉትም። ፒስተኖቹን ከታች በዘይት የሚያቀዘቅዝ አሠራር ጨመሩ፣ ሞተሩን ለተጨማሪው ሸክም አዘጋጁት። ቱርቦን የሚያኖረው ቱርቦው ሳይሆን ተሸካሚው ሞተር መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚያ የቤተሰብ ጂፕ ዘመን መጣ። ሚትሱቢሺ ፓጄሮ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ቱርቦ ናፍጣ ነበረው። ቶዮታ በ1985 ላንድክሩዘር 60ን በቱርቦ አቀረበ፤ በ1990 ደግሞ ላንድክሩዘር 80ን በ4.2 ሊትሩ 1ኤችዲ-ቲ። ይህ ሞተር ብርቱ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ምርቶች የቢዬላ ብሮንዚናቸው ቶሎ እንደሚበላ በዓለም ሁሉ ያሉ ባለቤቶች ያውቁታል። ከ1993 ጀምሮ በሰርፍና በፕራዶ ላይ የተገጠመው 3.0 ሊትሩ 1ኬዜድ-ቲኢ ደግሞ በሌላ ታወቀ፤ ውኃ ሲያጥረውና ሲግል ቴስታታው ይሰነጠቃል። የዕርዳታ ድርጅቶች በዚያው ጊዜ ለገጠር ሥራ ቱርቦ የሌለውን 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር አጥብቀው ይፈልጉ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳገት ላይ ያዘግማል፤ ከጋራዥ ርቆ ግን ብዙ ችሎ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የመጣው 1ኬዲ-ኤፍቲቪ ሰፋ አድርጎ መታየት አለበት፤ በአዲስ አበባ ጎዳና ከሚታዩት ፕራዶዎች ብዙዎቹን የሚጎትተው እርሱ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,982 ሲሲ ነው። ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት በኮምፒውተር የሚታዘዝ ኢንጀክተር ይረጨዋል፤ ቱርቦውም ግፊቱን በሚያስተካክሉ ተንቀሳቃሽ ምላጮች የተሠራ ነው። ከቀድሞው ይልቅ ጸጥ ያለ፣ ቆጣቢ፣ ጉልበታም ሞተር ነው። የሚያስቸግረው ነገር የሚጀምረው ከኢንጀክተሩ ሥር ካለች አንዲት የመዳብ ሮንዴላ ነው።

ሮንዴላዋ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ላይ እንዳያመልጥ የምትይዝ ማኅተም ናት። ስትላላ ጋዙ በጎኗ ይነፍሳል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ጆሮ የለመደ ሰው ቸክ ቸክ የሚል ትንፋሽ ይሰማል። ያ ጋዝ ጥላሸት ይዞ ከሞተሩ ክዳን ሥር ይገባና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ወደ ሬንጅነት ይለወጣል። ወደ ታች ወርዶ የዘይት ፖምፓው ከሚስብበት ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ ተፈትቶ ወንፊቱ ሲታይ ቀዳዳዎቹ በጥቁር ቅርፊት ተደፍነው፣ ዘይት የሚያልፈው በጥቂት ነጥቦች ብቻ ሆኖ ይገኛል። ዘይት ሲያጥር ቀድሞ የሚጮኸው ማነው? በደቂቃ መቶ ሺህ ዙር የሚሽከረከረው ቱርቦ ነው። ባለቤቱ የሚያየው ሰማያዊ ጭስና የጉልበት ማጣት ነው፤ ጋራዡም ቱርቦውን ይቀይርለታል። ወንፊቱ ግን እንደተዘጋ ነው። አዲሱ ቱርቦ ይሞታል፤ ቀጥሎም ብሮንዚናው ይበላል፣ ሞተሩ ይነክሳል።

ከፍታውም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ሞተሩ በባሕር ዳርቻ የውጭውን አየር እጥፍ አድርጎ እንዲያምቅ የተሠራ ቢሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ መጠን ለማግኘት ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ማመቅ አለበት። ስለዚህ ዘንጉ በበለጠ ፍጥነት ይዞራል፣ የታመቀው አየርም ይበልጥ ይግላል። በደጋ አገር የሚነዳ ቱርቦ ከቆላው ወንድሙ የበለጠ ይሠራል ማለት ነው፤ የዘይት መቀየሪያ ጊዜውን ማሳለፍም እዚህ የበለጠ ያስከፍላል። የአየር ፊልትሮ ነገርም እንዲሁ ነው። ፊልትሮው ተቀዶ ወይም ቱቦው ላልቶ የሚገባ አቧራ የአየሩን ፋን ጫፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። የቱርቦው ማኅተም ሲበላ የሞተር ዘይት ወደ አየር ማስገቢያው ይፈስሳል። የናፍጣ ሞተር ዘይትም ያቃጥላል፤ ስለዚህ የራሱን ዘይት እየጠጣ፣ መንገዱን በነጭ ጭስ ሸፍኖ፣ እየጮኸ ይከንፋል። ቁልፉን ማጥፋት አያቆመውም፤ ናፍጣው ተቋርጦም ዘይቱ አለና። የሚያቆመው አየሩን መዝጋት ነው፤ ማኑዋል ካምቢዮ ከሆነ ደግሞ ፍሬን ረግጦ በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን መልቀቅ። ቤተሰቡን የጫነ ሹፌር ግን ከሁሉ በፊት ሰዎቹን ማውረድ ይቅደም።

ሞተር ሳይበርድ የማጥፋት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሰፊው የታወቀ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፖምፓው ይቆማል፤ የጋለው ዘንግ ዙሪያ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። ፋብሪካዎች በዘንጉ ቤት ዙሪያ ውኃ እንዲዞር በማድረግ ችግሩን አቀለሉት፤ ጃፓን ውስጥም ቁልፍ ከተነቀለ በኋላ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ሰዓት መግጠም ፋሽን ሆኖ ነበር። ከአባይ በረሃ ተነስቶ ጎሐ ጽዮን ላይ ለቡና የሚቆም ሰው ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ቢያዞረው ምንም አይከስርም።

ችግሩ የናፍጣ ብቻም፣ የድሮ ብቻም አይደለም። ማዝዳ ሲኤክስ-7 በ2.3 ሊትር ቤንዚን ቱርቦው በሰማያዊ ጭስ ስም አተረፈ። የሆንዳ ሲአር-ቪ 1.5 ሊትር ቱርቦ ሞተር ደግሞ በብርድ አገር አጭር መንገድ ሲነዳ ቤንዚን ከዘይቱ ጋር እየተቀላቀለ ዘይቱን አቀጠነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ቻይና ውስጥ ሽያጩ ለጊዜው ቆሞ ነበር፤ በአሜሪካም ኩባንያው የዋስትናውን ጊዜ አራዘመ። በ2024 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ 102,000 ያህል ተንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ መኪኖችን ጠራ። ባለ ሁለት ቱርቦው ቪ6 ሞተር በፋብሪካ ሲመረት ውስጡ የቀረ የብረት ብናኝ ብሮንዚናውን ሊጎዳ እንደሚችል ተደርሶበት ነበር። በሆንዳና በቶዮታ ጉዳይ ቱርቦው ንጹሕ ነው፤ የተበላሸው ዘይቱና ዘይቱ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ለሄደ ሰው ቱርቦ በየመደርደሪያው አለ፤ አዲስ፣ ያገለገለ፣ የውስጥ ዕቃው ብቻ የተቀየረ። ያገለገለ ቱርቦ ሲገዛ የአየሩን ፋን በጣት ጫፍ ይዞ መነቅነቅ የተለመደ ነው። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቁ አያስደነግጥም፤ ዘይት ሲሞላ የሚይዘው ክፍተት ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንቀሳቀሰ ወይም የፋኑ ጫፍ ከተፋቀ ግን ያ ቱርቦ በስጦታ ቢሰጥም አይወሰድ። የውስጥ ዕቃ የተቀየረለትም በማሽን ሚዛኑ ካልተስተካከለ በዚያ ፍጥነት አይከርምም።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ዛሬ ያሉት ፕራዶዎችና ላንድክሩዘሮች እንግዲህ ለብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ የሚተኩበት መንገድ ጠቧልና። የእነዚህ መኪኖች ባለቤት የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ጋራዡ ቱርቦ ይቀየር ሲል «እሺ» ከማለታችሁ በፊት የዘይት መያዣው ይፈታ በሉ። ወንፊቱን በዓይናችሁ እዩ፣ የኢንጀክተሮቹ ሮንዴላዎች ይቀየሩ፣ ወደ ቱርቦው ዘይት የሚወስደው ቱቦ ይጽዳ ወይም ይተካ፣ አዲሱ ዕቃ ሲገጠምም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዘይት ይሞላበት። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ መካኒክ ቱርቦውንም አይንካ።